ይድረስ ለክቡር የጥያቄ ምልክት

ጉዳዩ፦ ከስታክ ትሬስ መስመር ፊት መቆምዎን በተመለከተ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከመጽሐፍ ገጽ ከተሰናበተ ዘመን ከተቆጠረው ባለ ሦስት ነጥብ ዘመድዎ ከ፧ ጋር አሳስቼዎት እንዳልሆነ በትሕትና አስታውቃለሁ። እርስዎን የማውቅዎት በሌላ ቦታ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ጭንቅ ሲይዘው በሚያትመው የጥሪ ዝርዝር ወይም ስታክ ትሬስ ውስጥ፣ ከፈንክሽኑ (ከኮዱ አንድ የሥራ ክፍል) ስም በስተግራ፣ እንደ ደጅ ጠኚ አንገትዎን ደፍተው ቆመው አገኝዎታለሁ። ደጅ ጠኚ እንኳ የሚፈልገው ጉዳይ አለው፤ እርስዎ ግን ሳይጠሩዎት አቤት፣ ሳይልኩዎት ወዴት የሚሉ ነዎት።

የመጡበትን አላጣሁትም። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ እያንዳንዱ ታስክ (በሥራ ላይ ያለ ተግባር) በከርነሉ ውስጥ የጥሪዎቹን ማስታወሻ የሚይዝበት 16 ኪሎባይት ስታክ ይሰጠዋል፤ ይህም እያንዳንዳቸው ስምንት ባይት የሚይዙ 2,048 ክፍሎች ማለት ነው። አንድ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ የመመለሻው አድራሻ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ይቀመጣል፤ ጥሪው ሲያበቃ ግን አድራሻውን የሚጠርግ የለም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ዝርዝሩን የሚያትመው ኮድ ደግሞ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያየ የከርነል ኮድ አድራሻ የሚመስለውን ሁሉ ይለቅማል፤ ከፍሬም ወደ ፍሬም፣ ማለትም ከአንዱ ጥሪ የስታክ ድርሻ ወደ ሌላው፣ እየተራመደ የጥሪውን ሰንሰለት የሚፈታው አንዋይንደር የመሰከረላቸውን በንጽሕና ያትማቸዋል፣ ያልመሰከረላቸውን ግን ከእርስዎ ጋር ያቆራኛቸዋል። ሰርጉ ካለቀ በኋላ ያልፈረሰ ዳስ ማለት እርስዎ ነዎት፤ ሙሽሮቹ ከሄዱ ሰንብተዋል፣ መንገደኛው ግን ዳሱን አይቶ ምግቡ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል።

ጥቅም የለዎትም አልልም። ከርነሉ ወድቆ፣ አንዋይንደሩም መንገድ ስቶ ሲቀር፣ በእርስዎ በኩል የሚደርሰን ጭምጭምታ ብዙ ጊዜ የችግሩን ሰፈር ጠቁሞናል። ሽማግሌ ተቀምጦ ጠብ ሲያጣራ «አሉ» የሚለውን ወሬ ይሰማል፤ ይሰማና ምስክር ይጠራል እንጂ በ«አሉ» አይፈርድም። የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው ፍርድ በሚሰጥበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እስከ እሁድ ድረስ ለደቂቃ እንኳ እንዳይጠፋ በጥብቅ በታዘዝኩት ሰርቨር ላይ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ላይቭ ፓች ጫንኩ። እንደሚያውቁት ከርነሉ ሥራውን ሳያቆም ታስኮቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ፈንክሽን ወደ አዲሱ ያሻግራቸዋል። ሲስተም ኮሉን (ከከርነሉ የጠየቀውን አገልግሎት) ጨርሶ ወደ ተጠቃሚው ፕሮግራም የሚመለሰውን በር ላይ ይቀይረዋል። የተኛውን ግን ስታኩን ከላይ እስከ ታች ይፈትሻል፤ ከሚለወጡት ፈንክሽኖች አንዱም ካልተገኘበት ያሻግረዋል፣ ከተገኘበት ወይም ስታኩ እስከ መጨረሻው በእርግጠኝነት ካልተነበበ ይተወውና ከአንድ ሰከንድ ገደማ በኋላ ተመልሶ ይሞክራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው አሮጌው ፈንክሽን በአንድ ቅደም ተከተል የያዛቸውን መቆለፊያዎች አዲሱ በሌላ ቅደም ተከተል ሊይዛቸው ሲመጣ ሁለቱ እየተጠባበቁ የሚቀሩበትን ባሰቡ ሰዎች ነው።

ሁሉም ወዲያው ተሻገሩ፤ አንድ የከርነል ትሬድ (በከርነሉ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ታስክ) ብቻ ቀረ። ትራንዚሽን የሚባለው ፋይል 1 (ሽግግሩ አላለቀም) ብሎ ቀጥ አለ፣ የትሬዱ ፓች ስቴት 0 (አልተሻገረም) ብሎ ቀጥ አለ፣ እኔም የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። በየ15 ሰከንዱ ከርነሉ የቀሩትን ይጎነትላል፤ ያ ትሬድም ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ የሚጠብቀው ነገር አለመምጣቱን አይቶ፣ ተመልሶ ይተኛል። የዲበግ (የስሕተት ፍለጋ) መልእክቶቹን ሳበራ ስታኩ አስተማማኝ አይደለም የሚል መስመር ወጣ። ከርነሉን በቀጥታ በሚያዘው በሲስ አርኪው ትእዛዝ የታስኮቹን ስታክ ወደ ሎጉ አስወጣሁ። ከትሬዱ አሥራ አንድ መስመሮች የላይኞቹ አራቱ ንጹሕ ነበሩ፤ የቀሩትን ሰባቱን በሙሉ እርስዎ ወርሰዋቸዋል። ከሰባቱ በአንዱ ላይ፣ እርስዎ ከግራ ቆመው፣ ልለውጠው የመጣሁት የዚያው ፈንክሽን ስም ተጽፎ አየሁ።

ፈንክሽኑ ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም ብዬ ጠየቅኩ። እርስዎም ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ።

ምክንያቱ ሲነጋ ተገኘ። ትሬዱ ከከርነሉ ውጭ የተጻፈ የአንድ ድራይቨር (የመሣሪያ መንጃ ፕሮግራም) ንብረት ነበር፤ ድራይቨሩም አንድ ጀግና ለማሽኑ ቋንቋ በሚቀርበው በአሴምብሊ በእጁ የጻፈውና ለአንዋይንደሩ አንዳች መረጃ ያልተወለት ፈንክሽን ነበረው። አንዋይንደሩ መረጃ ሲያጣ ፍሬም ፖይንተር (የፍሬሙን ቦታ የሚጠቁም አድራሻ) ይኖር ይሆናል ብሎ በግምት አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት በገዛ ራሱ ላይ የስሕተት ምልክት ያደርጋል፣ ላይቭ ፓቹም ያንን ምልክት አይቶ ስታኩን እንዳለ ይመልሰዋል። ሲገምት እንኳ ገመትኩ ብሎ የሚናዘዝ ምስክር እንዲህ ባለ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም።

እርስዎን ለማስታገስ ስንት ሰው እንደደከመ ያወቁት አይመስለኝም። ቀድሞ ሁሉም ፈንክሽን ፍሬም ፖይንተር ያስቀምጥ ተባለ፤ ለአንዳንድ ሥራዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ፍጥነት የሚያስከፍል ግብር ሆነ። ግብሩ ተከፍሎም ዋስትና አልተገኘም፤ ፈንክሽኑ ተጠርቶ ፍሬሙን ገና ሳይዘረጋ ኢንተራፕት (ሥራ አቋራጭ ጥሪ) ከደረሰበት የጠሪው ስም ከሰንሰለቱ ይዘለላል። ድዋርፍ በሚባለው የዲበግ መረጃ የሚሠራ አንዋይንደር ተሞክሮ ነበር፤ እሱን የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 መጨረሻ ነቅሎ ጣለው። በ2014 ሁለት የሊኑክስ ኩባንያዎች፣ ሬድ ሃት ኬፓች የተባለ፣ ሱዜም ኬግራፍት የተባለ የላይቭ ፓች ስልት ይዘው ብቅ አሉ፤ አንዱ ስታክ የሚፈትሽ፣ ሌላው ታስኮቹ በየራሳቸው ጊዜ እስኪሻገሩ በትዕግሥት የሚጠብቅ ነበር። በ2015 የላይቭ ፓች መሠረት ከርነል 4.0 ውስጥ ገባ፣ በ2017 ደግሞ 4.12 የሁለቱን ስልት አጋባቸው። ትዳሩ እንዲጸና ግን የማይዋሽ ስታክ ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የሚከተሉትን ሁለት መሣሪያዎች የጻፈውን ጆሽ ፖይምቦፍን ማመስገን ተገቢ ነው። በ2016 ከ4.6 ጋር የገባው ኦብጅቱል ከርነሉ ሲገነባ የእያንዳንዱን ፈንክሽን ትእዛዞች እየተከተለ ስታኩን ማን በየት በኩል እንደነካው ይመረምራል፤ ፍሬም ሳይዘረጋ ሌላውን የሚጠራውን በስሙ ጠርቶ ያስጠነቅቃል። በ2017 መጨረሻ ከ4.14 ጋር የመጣው አዲሱ አንዋይንደር ኦርክ ከዚሁ ምርመራ የተገኘውን መረጃ በሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ወስዶ፣ ፍሬም ፖይንተር ሳይጠይቅ መንገዱን ያገኛል። ስሙ የተመረጠው ኦርክ በፈረንጅ ተረት የድዋርፍ ጠላት ስለሆነ ነው፤ የፋይሉ ቅርጽ ኤልፍ፣ የዲበግ መረጃው ድዋርፍ ከተባለ ወዲህ ስም አወጣጡ ከእጅ ወጥቷል። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ጅብና አህያ እንላቸው ነበር፣ የማን ወገን ማን እንደሆነም ማብራሪያ ባላስፈለገው።

ይህን ስጽፍልዎ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት። ከእርስዎ የከፋ አለ። ኢንተራፕት በመጣበት ቅጽበት የተዘለለው ጠሪ በአንዋይንደሩ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰንሰለቱ ያለ እሱም ሙሉ ይመስላል፣ አንዱን ቀለበት ውጦ ሳይቆረጥ የሚቀጥል ሰንሰለት ማን ይጠረጥራል? እርስዎ ቢያንስ ያፍራሉ፤ አንገትዎን ደፍተው ይቆማሉ። በቂም የጀመርኩት ደብዳቤ እዚህ ላይ ሊለሳለስብኝ ስለሆነ ወደ አቤቱታዬ ልመለስ።

በዚያ ሌሊት ፎርስ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ 1 ልጽፍበት ምንም አልቀረኝም ነበር። 1 ከተጻፈበት ከርነሉ ሁሉም እንደተሻገረ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ የፓቹ ሞጁል ግን ከዚያ ወዲያ አይነቀልም፣ ከአሮጌው ኮድ ውስጥ ማን እንደቀረ የሚያውቅ የለምና። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ያንን መስመር አየሁት፣ እርስዎም አዩኝ። ከዚያ ሻይዬን ጠጣሁ፤ ቀዝቅዟል።

እሁድ ሰርቨሩ እንዲጠፋ ተፈቀደና፣ ሰርቨር ሳይጠፋ የሚሠራውን ፓች ሰርቨሩን አጥፍቼ በማብራት አጠናቀቅሁ። ስታኩም አብሮ ጠፋ፤ በዚያ መስመር ላይ የነበረው ሙሽራ ይሁን ባዶ ዳስ የሚመሰክር አልቀረም።

ስለሆነም ሰው ለሚያነበው ዝርዝር አገልግሎትዎ እንዲቀጥል፣ ነገር ግን ልለውጠው ከመጣሁት ፈንክሽን ስም ፊት በሌሊት ከመቆም እንዲቆጠቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሌሊት ተረኛው

ግልባጭ፦
ለኦብጅቱል፣ ለመረጃ ያህል
ለአሴምብሊ ጸሐፊው፣ ባሉበት
ለከርነል ትሬዱ፣ ሲነቃ