የድሮ ሚክሰር ሁሉ የሚጣል አይደለም

አንድ ጸሐፊ ያረጀ የድምፅ ሚክሰር (የማይክራፎኖችንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ድምፅ የሚያቀናጅ መሣሪያ) ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይሻላል ማለታቸው ለሁሉም ዓይነት ሚክሰር የሚሠራ አይመስለኝም። እንደ ኒቭና ሶሊድ ስቴት ሎጂክ ባሉ የቀድሞ የስቱዲዮ ሚክሰሮች እያንዳንዱ ቻናል (የአንድ ድምፅ መስመር) ለብቻው ተፈትቶ የሚወጣ በመሆኑ፣ የተበላሸውን ስቦ አውጥቶ ከጤነኛው ጋር ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል፤ ብልሽቱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የቻናሉ ነው፣ በቦታው ከቀረ ግን ማገናኛውንና የኃይል መስመሩን መፈተሽ ነው። የተበላሸው ቻናል ወጥቶ ሲጠገን ቀሪው ሚክሰር ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። በዚያ ዘመን በብዙ ሚክሰሮች የገቡት እንደ ኤንኢ 5532 ያሉ ድምፅ የሚያጎሉ ቺፖችም ዛሬ ድረስ ይመረታሉ።

በአዳዲሶቹ አነስተኛ ሚክሰሮች ግን ብዙ ቻናሎች በአንድ ሰፊ ቦርድ ላይ ስለሚበየዱ፣ አንዲት የተበላሸች ማዞሪያ ለመቀየር የሁሉንም ማዞሪያዎች ቆብና ዳዶ ማውለቅ ግድ ይላል (ዳዶ የጠፋበት ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል)። ዲጂታሎቹ ደግሞ የራሳቸው ፕሮግራም ስላላቸው ብየዳ መቻል ብቻውን አይበቃም። እርግጥ በድሮዎቹም የደረቁ ካፓሲተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) በየቻናሉ መቀየርና የዛጉ ማገናኛዎችን ማጽዳት አድካሚ ነው፤ ሆኖም በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው።