ቤተ መንግሥት ወይስ የድሮ እስር ቤት? ኢስታንቡል ላይ የት ይታደር?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ኢስታንቡል ሦስት ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው የትኛውን ሆቴል ይያዝ? ቦስፎረስ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ዳር ያለውን ቺራአን ቤተ መንግሥት ኬምፒንስኪን ወይስ አሮጌው ከተማ መሃል ያለውን ፎር ሲዝንስ ሱልጣናህመትን? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቺራአን ወገን፦ ቺራአን ነው እንጂ! ሱልጣን አብዱልአዚዝ በ1860ዎቹ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ማታ ውሃው ዳር ቁጭ ሲሉ መርከቡ ከፊት ያልፋል፤ ከማዶ የእስያ መብራት ይታያል። እንዲህ ያለ ሆቴል ሰው ለዓመታት ቆጥቦ አንዴ ቢይዝ ነው። ያቺን አንዴ እስር ቤት ውስጥ ያሳልፋት? ፎር ሲዝንስ ሱልጣናህመት እኮ በ1996 ሆቴል ከመሆኑ በፊት እስር ቤት ነበር። ባለቅኔው ናዚም ሂክመት ታስሮበታል። እኔ ሰው ያለቀሰበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሱልጣናህመት ወገን፦ ወንድሜ፣ «ሰው ያለቀሰበት ክፍል» አሉ? ሱልጣን ሙራድ አምስተኛ በ1876 ከዙፋን ከወረዱ በኋላ የት ተዘጋባቸው? ቺራአን ውስጥ። በ1904 እስኪሞቱ ድረስ፣ 28 ዓመት! እዚያስ እንዴት እንቅልፍ ወሰድዎት? እኔ ሱልጣናህመት የምለው አያ ሶፊያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ነው። በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የተመረቀ፣ ዛሬ መስጊድ የሆነ ሕንፃ ነው። ከቱሪስቱ ግፊያ በፊት፣ ገና በማለዳ በሩ ላይ መድረስ ይቻላል። ከቺራአን የሚነሳ ሰው ያንን ሰዓት ታክሲ ውስጥ ይጨርሰዋል።

የቺራአን ወገን፦ አያ ሶፊያ፣ አያ ሶፊያ! ከተማ ማለት ሐውልትና ጉልላት ብቻ ነው እንዴ? ሱልጣናህመት ሲመሽ የሚቀረው ቱሪስት ነው። ቺራአን ያለበት ሰፈር፣ ቤሺክታሽ ግን ሰው ይኖርበታል። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ጀልባ ሲሳፈር፣ ወደ እስያ ሲሻገር ያያሉ። ኢስታንቡልን ያየሁት እኔ እዚያ ነው።

የሱልጣናህመት ወገን፦ ስለ ሙራድ አልመለሱልኝም። እሺ፣ ሌላ ልጨምር። ቺራአን በ1910 ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ነበር የቀረው። ዛሬ አብዛኛው እንግዳ የሚተኛው ከቤተ መንግሥቱ ጎን በተሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔ ያልኩት ግን ያው የድሮው ግንብ ነው፤ የእስረኞቹ ግቢ የአትክልት ቦታ ሆኗል። ታሪክ ፍለጋ ከሆነ ታሪኩ ያለው እዚህ ነው።

የቺራአን ወገን፦ እህቴ፣ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ መተኛቴን አልክድም። የሄድኩት ግን ከእናቴ ጋር ነው። ጉልበቷን ያማታል። በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚሉት መንገድ ለእሷ ረጅም ነው። እንደ ተታለልን አድርገው ማውራትዎ ከፍቶኛል።

የሱልጣናህመት ወገን፦ ተታለሉ አላልኩም፤ ካስከፋሁዎት ይቅርታ። ግን ጉልበቷን የሚያማት እናት ከሆነች እኮ ቅርቡ ነበር የሚሻላት! አያ ሶፊያን አይታ፣ ደክሟት፣ ወዲያው ክፍሏ ትገባ ነበር።

የቺራአን ወገን፦ እናቴ ኢስታንቡል እስክትሄድ ድረስ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። አያ ሶፊያ እንሂድ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኋት። «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ያቺ መርከብ ትለፍ» አለችኝ። ሦስቱንም ቀን እዚያው ተቀመጥን።