ማስተካከያ፦ አልኮል የድባቴ መድኃኒትን «ሁልጊዜ» በሰውነት ውስጥ አያከማችም

ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «አልኮል ጉበት የድባቴ መድኃኒቶችን የሚሰብርበትን ፍጥነት ሁልጊዜ ይቀንሳል» ብለን ነበር። «ሁልጊዜ» ማለታችን ስህተት ነው። እርማቱ በፋርማኮሎጂ መማሪያ መጻሕፍትና ከመድኃኒቶቹ ጋር በሚወጡ የአጠቃቀም መግለጫዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

በአንድ ምሽት ብዙ ሲጠጣ፣ አዎ፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከአንጀት ወደ ጉበት ከደረሰው አሚትሪፕቲሊን የተባለ የድባቴ መድኃኒት እዚያው መሰበር የነበረበት ክፍል ሳይነካ ወደ ደም ያልፋል፤ የእንቅልፍ ስሜቱም ይበረታል። ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ በሚጠጣ፣ ጉበቱ ግን ገና ጠባሳ ባልያዘ ሰው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መድኃኒት የሚሰብሩ አንዳንድ የጉበት ኢንዛይሞች ስለሚበዙ ኢሚፕራሚን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ቶሎ ይወገዳል፤ የተለመደው መጠንም ላይበቃ ይችላል። ይህ ለውጥ መጠጥ በቆመ ማግስት አይጠፋም።

ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መሞላት) ሲመጣ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል። የአንድ ጊዜ ፍሉኦክሴቲን ግማሹ ከደም እስኪወጣ በጤነኛ ጉበት ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል፤ በሲሮሲስ ግን በአማካይ 7.6 ቀን። ስለዚህ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይራራቃል። ዱሎክሴቲን ደግሞ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ባይታዘዝ ይመረጣል፤ ጉበቱን ራሱን ሊጎዳ ይችላልና።

«የጠጡ ቀን ኪኒኑን ይዝለሉ» ያልነውንም አንስተናል። በተለይ ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን ሲዘለሉ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መነጫነጭ ያመጣሉ። በዚያ ምክር መጠኑን የቀየረ ሰው የሚጠጣውን ልክ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ቡፕሮፒዮን የሚወስድ ብዙ ጠጪም መጠጡን በድንገት አያቁም፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።