ማሽኑን ሸጡልን፣ ብናኙን ለሳንባችን ተዉት

ደሴ ውስጥ በግቢያችን ጥግ ሲ.ኤን.ሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ማሽን ተክለን እንጨት የምንቀርጽ ሰዎች አለን። ሻጮቹ ስለ ሞተሩ ፍጥነት ሲያወሩ ይውላሉ፤ ብናኙ የት ይግባ ብለን ስንጠይቅ ግን መልሳቸው «በሩን ከፍቶ መሥራት ነው» ብቻ ነው። በጦሳ ተራራ ብርድ፣ ጎረቤት ልብስ ባሰጣበት ግቢ!

የሚያስፈራው ሰጋቱራው አይደለም፤ እሱ ወለል ላይ ወድቆ በመጥረጊያ ይነሣል። የሚያስፈራው ዓይን የማያየው ነው። ኤም.ዲ.ኤፍ (ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ማሽኑ ከጠፋም በኋላ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ይህን የነገረን ሻጭ የት አለ?

ደግሞ «የቤት አቧራ መምጠጫ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ኧረ አይበቃም! አየሩን አሽከርክሮ ብናኙን አስቀድሞ የሚለይ ሳይክሎን የሚባል ዕቃ ካልተገጠመለት ማጣሪያው ወዲያው ይደፈናል። ቀጭን፣ ውስጡ ሸንተረራማ የሆነ ረጅም ቱቦ ይሰጡናል፤ አየሩ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ቱቦው አጭር፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ስፋቱም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አፉ ዙሪያውን ብሩሽ ተደርጎለት ከመቁረጫው ጋር አብሮ ይሂድ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመምጠጥ ኃይል ደሴ ላይ አይገኝም።

ማሽን የምትሸጡ ሰዎች፣ መምጠጫውን ከማሽኑ ጋር አቅርቡ፤ ዋጋውንም ከመጀመሪያው አብራችሁ ንገሩን። ከማሽኑ ግድግዳ ማዶ ልጆች ይተኛሉ።