«አንድ ብቻ ሥሪልኝ»

በሰፈራችን ዕቃ ራቁቱን መቀመጥ ነውር የነበረበት ዘመን ነበረ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ሬዲዮው ይለብሳል፣ ፍሪጁም ይለብሳል። የሶፋው መደገፊያ ደግሞ የራሱ አለው። አንዳንድ ቤት ቴሌቪዥኑ ከልጆቹ ይልቅ ያማረ ይለብስ ነበር። ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ዳንቴሉ በስኳር ውሃ ይነከራል። ከዚያ ጉንዳኑ ሁሉ ከእኛ ጋር ዜና ሊያይ ይሰለፋል።

በኋላ ቀጭኑ ቴሌቪዥን መጣና ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዳንቴል የሚያርፍበት አናት የለው! የቤት ስልኩም ኪስ ገባ። በቃ ዳንቴል ጡረታ ወጣ ስንል፣ ወጣቶቹ ኪሮሹን ከእናቶቻቸው መሳቢያ አውጥተው መለሱት። አሁን ማዕረጉ ተቀይሯል፦ ጭንቀት ማስለቀቂያ ሆኗል።

እህቴ ከእነዚህ አንዷ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስትቆጥር ትውላለች። ማታ ኪሮሽና ክሯን ይዛ ጥግ ትይዛለች። የሕፃን ጫማ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የስኒ ማስቀመጫ ትሠራለች። በዚያ ሰዓት ፊቷን ብታዩት መብራት ቢጠፋ እንኳ የምትናደድ አትመስልም።

እናቶቻችንም ይሠሩ ነበር፤ የነሱ ግን ሌላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ ይነቀላል፣ ተሰንጥቆ ቀለም ይነከርና አለላ ይሆናል፣ ወስፌ ከተሰካበት ይወርዳል። መሶብና ሙዳይ ይሰፋል። ሐረር ደግሞ ስፌቱ ከሴቶቹ እጅ ወጥቶ የቤቱን ግድግዳ ይሞላዋል። ታዲያ አንዳቸውም «ዘና ልበል ብዬ ነው» ሲሉ አልሰማሁም። ዘና ማለቱን ይሉ ነበር እንጂ! ቡናው እየተፈላ፣ ሐሜቱ እየተቀዳ፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስሟ የማይነሳ ጎረቤት የለችም። ግን እጅ ሥራ ከፈታ መቀመጥ አይፈቀድም። ስፌት የመቀመጫ ፈቃድ ነበር። ወስፌ ሳትይዝ የመጣች፣ ለሐሜቱ ብቻ መምጣቷ ታወቀባት ማለት ነው።

የእህቴ ችግር ግን ፈቃድ አይደለም፤ ተመልካች ነው። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን የሕፃን ኮፍያ ስትሠራ አዩዋት። «እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ!» ምርቃቱ ሳያልቅ ትእዛዙ ተከተለ። «ለልጅ ልጄ ክርስትና አንድ ብቻ ሥሪልኝ። ክሩን እኔ እገዛለሁ።» ክሩን! ከሥራው ሁሉ ርካሹን መርጠው መሆኑ ነው። ለሸማኔ እኮ ፈትል ይዘን ሄደን የእጁን ዋጋ እንከፍላለን። ሽሮ ሜዳ ሄዶ «ጥበቡን በነፃ ሥራልኝ፣ ፈትሉን አመጣለሁ» ያለ ጀግና ካለ ይታየኝ። ለእህት ሲሆን ግን ከምርቃት ሌላ ክፍያ የለም።

ከጠያቂዎቹ የሚብሰው መካሪው ነው። እያንዳንዱ ዘመድ ቤት አንድ አጎት አይጠፋም፤ ራሱ አንድም ነገር ሸጦ የማያውቅ፣ የሰውን ሁሉ ሥራ ግን ወደ ፋብሪካ ማሳደግ የሚችል። «ይሄን ለምን አትሸጪውም? ቲክቶክ ላይ ብትለቂው እኮ ውጭ ድረስ ትልኪያለሽ። ሁለት ልጅ ትቀጥሪያለሽ።» እሷ የመጣችው አለቃዋን ልትረሳ፤ እሱ አለቃ ሊያደርጋት። አሜሪካ ያለችው አክስታችንም አላረፈችም። «ሰው ሲመጣ ከበርበሬው ጋር ለጠረጴዛው የሚሆን ላኩልኝ» ብላለች። የጠረጴዛውን ልክ በኢንች ነው የላከችው።

ስጦታውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እኛ የለመድነው የብርጭቆ ስብስብ ነው። ከሠርግ ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ቤት ምረቃ ካርቶኑ ሳይከፈት ይዞራል። ያንዱ ቤት ብርጭቆ ዞሮ ዞሮ ለገዛው ሰው እንደሚመለስ አልጠራጠርም። በእጅ የተሠራ ስጦታ ይህን ዝውውር ያቋርጣል። ተቀባዩ ያገላብጠዋል፣ ዋጋ ይፈልጋል፣ ዋጋ የለውም። «ራስሽ ነሽ የሠራሽው?» ይላታል። አድናቆት ይሁን ሐዘኔታ ከድምፁ መለየት ይቸግራል። ለሌላ ሰው አሳልፎ እንዳይሰጠው ደግሞ እሷ መጥታ ልታየው ትችላለች።

ስለዚህ እህቴ ዘዴ ፈጠረች። በሩ ሲንኳኳ ክሩን ሶፋው ሥር ትከትና ስልኳን ታነሳለች። እንግዳው ሲገባ የማታውቀውን ሰው ሠርግ እያየች ነው። ሁለት ሰዓት ብታየው ማንም «ለምን አትሸጪውም?» አይላትም። እንዲያውም ይራራላታል። «አረፍ በይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ስትሠሪ ውለሽ ደክሞሻል» አሏት ባለፈው እትዬ። ቀጥለው ጎንበስ አሉና ከሶፋው ሥር የወጣውን ቀይ ክር ጫፍ ሳብ አደረጉት።

«ይሄ ቀለም ለመሶቤ ልብስ ደስ ይላል።»