ስንቅ የሌለው ቼክ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የተከበሩ ሹም ዓይን ዓይኔን እያዩ «ቼክ አድርጌ አሳውቅዎታለሁ» አሉኝ። ይህንኑ ቃል በዚሁ ጉዳይ ሲነግሩኝ አራተኛቸው ነው። እናንተም ለስንተኛ ጊዜ እንደተባላችሁ ልባችሁ ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ አላማርርም፤ ምስጋና ላቀርብ ነው የመጣሁት። ምስጋናው ለ«ቼክ» ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ «አደረገ» በሚባለው የአማርኛ ወዛደር ጫንቃ ላይ ተፈናጥጦ፣ ግሶቻችንን ሁሉ በጡረታ ላሰናበተልን ባለውለታ።

እስቲ የድሮውን ድካም አስቡት። ሰው ወጥ ይቀምስ ነበር። እህል ይሰፍር፣ ገንዘብ ይቆጥር፣ ኪስ ይፈትሽ፣ ሰነድ ያመሳክር፣ ወሬ ያጣራ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ግስ! ምን ያለ ብክነት ነው? ዛሬ የቤት እመቤቷ «ጨውን ቼክ አድርጊው» ትላለች፤ ጎሚስታው ጎማውን ቼክ ያደርጋል፤ የበር ጥበቃው ቦርሳዬን ቼክ ያደርጋል። ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበሩ ሽማግሌዎች እንኳ በቅርቡ «የልጁን ዘር ቼክ አስደርገናል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የት እንዳስደረጉ አልጠየቅኩም፤ ምናልባት ጎሚስታው ዘንድ ይሆናል።

ባለቤቶቹ እንግሊዞችም በአንድ ግስ ብዙ መጫን ያውቁበታል። የኦክስፎርዱ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች መሮጥን ለሚያመለክተው «ረን» ለሚለው ግሳቸው 645 ትርጉም መቁጠራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። እነሱ ግን ትርጉሞቹን አንድ በአንድ ለይተው ጽፈዋቸዋል። እኛ ይህ ድካም አላስፈለገንም።

በሩን የከፈትነው ራሳችን መሆናችንን አልክድም። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አደረገ» እያሉ በሁለት ቃል አንድ ግስ መሥራት የአማርኛ የቆየ ልማድ ነው፤ ፎቶ ኮፒም በዚሁ በር ገብቶ «ፎቶ ኮፒ አደረገ» ተብሏል። አልተቀየምኩም፤ ለፎቶ ኮፒ ግስ አልነበረንም። ለመቅመስ ግን ነበረን።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። የምፈልገው የአባቴን ቤት ፋይል ነው። ሹሙ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳቡ፣ ውስጡን አዩ፣ መልሰው ዘጉ። «ቼክ አድርጌዋለሁ፤ የለም» አሉኝ። መሳቢያው ውስጥ የነበሩት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የስኳር ብልቃጥና ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ናቸው። «መዝገብ ቤት ቢፈለግስ?» ብል ስልክ አነሱ። «የኔ እህት፣ አንድ ነገር ቼክ አድርጊልኝ» ብለው ዘጉና «ቼክ አድርጋ ቼክ ታደርገኛለች» አሉኝ። የመጀመሪያው ቼክ መፈለግ፣ ሁለተኛው መደወል መሆኑን እስክረዳ ድረስ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

«እ… ቼክ አደረግሽ? … በዚያኛውም ቼክ አድርጊዋ! … መጀመሪያ ቼክ ያደረገው ማን ነበር? … እንግዲያው እሱን ቼክ አድርጊውና፣ ቼክ አድርጎት ከሆነ፣ ቼክ አድርጊኝ።»

ስልኩን አስቀምጠው ድል እንዳደረገ ሰው አዩኝ። «ሰሙ አይደል?»

ሰምቻለሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኳቸው፣ «ልጅቱ ፋይሉን ፈልጋ አጣችው? ወይስ አግኝታው አላነበበችውም? ወይስ ገና ከወንበሯ አልተነሳችም?»

«ቼክ እያደረገች ነው።»

«እኮ ምን እያደረገች?»

«ቼክ ነዋ!»

«በእጇ ነው በዓይኗ?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ሰውየውን አታስቆጣብን፤ ቼክ ሊያደርጉልህ ነው እኮ» አሉኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ መሳቢያው እንደገና ተከፈተና ማንኪያው ወጣ። በዚያን ቀን በዚያ ቢሮ ተፈልጎ የተገኘ ብቸኛ ዕቃ እሱ ነው።

የቃሉ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። «ፈለግኩት» ያለ ሰው የት ተብሎ ይጠየቃል፤ «ቆጠርኩት» ያለ ስንት ይባላል፤ «አነበብኩት» ያለ ምን ይላል ይባላል። «ቼክ አደረግኩት» ያለ ግን ከጥያቄ ነፃ ነው። ሥራው ቢሠራም ባይሠራም ግሱ ያው ነው።

ሽሙጡን ለአንድ አፍታ ላቁመው። አክስቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ደረቷን ወግቷት ጎረቤት ሕክምና ቤት ወሰዳት። ማታ ስጠይቃት «ቼክ አደረጉኝ» አለችኝ። ደም ግፊትሽን ለኩ? ደም ወሰዱ? ደረትሽን አዳመጡ? እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እያገላበጠች አየችው፤ ምልክት የምትፈልግ ይመስል ነበር። «እንጃ ልጄ፤ ቼክ ተደርገሻል፣ ሂጂ አሉኝ። ደህና ነገር ነው አይደል?» ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ የኖረች ሴት በገዛ ገላዋ ላይ ምን እንደተሠራ የሚነግራት ሰው ታጣ! መለካት፣ ማዳመጥ፣ መመርመር፤ ሦስቱም ከእናቷ የወረሰቻቸው ቃላት ናቸው፤ ሦስቱንም ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ያልለካ ሰው «ለካሁሽ» ለማለት ያፍራል፤ ያላዳመጠም «አዳመጥኩሽ» ለማለት ምላሱ ይያዛል። «ቼክ» ለማለት ግን ማንም አያፍርም።

ደሜ ሳይፈላ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ይህ ቃል ዘሩ ከወዴት ነው ቢባል ከጨዋታ ነው። ፋርሶች ንጉሥን «ሻህ» ይላሉ፤ በቼዝ ንጉሡ አደጋ ላይ ሲወድቅ የሚጮኸው ይኸው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ አገር ሲደርስ «ቼክ» ሆነ። ከዚያም ማገድ፣ መግታት ማለት ሆነ፤ ማጣራቱና መመርመሩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሳላውቃቸው ሹሙን አምቻቸዋለሁ! ጉዳዬን ቼክ አደርገዋለሁ ሲሉኝ በጥንቱ ፍቺ አንዲት ቃል አልዋሹኝም። በእኛው አገር ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ደንብ በዚያ ቢሮ የሰልፍ አያያዝ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የባንኩም ቼክ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወንድሜ «ቼክ ገባልኝ» ሲለኝ ደመወዙ መድረሱን ነው የሚነግረኝ። እሱ ቼክ ሲባል ገንዘብ ይገባለታል፤ እኔ ቼክ ስባል የታክሲ ይወጣብኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 693 ሆን ብሎ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚሰጥን ሰው ወህኒ ያወርዳል። በአፍ ለሚሰጠው ግን አንቀጽ አልተገኘለትም። ሹሙ እስካሁን አራት ሰጥተውኛል፤ አራቱም ደረቅ ናቸው።

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። ሹሙ የሉም፤ ኮታቸው ግን ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገባቸው የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኳት።

«ቼክ ሊያደርጉ ወጥተዋል» አለችኝ።

«ምኑን?»

ኮቱን ለአፍታ አየችው። «የእርስዎን ይሆናላ።»

መሳቢያው ገርበብ ብሏል። ማንኪያው የለም።