ለፋይብሮማያልጂያ «ትልቁን ዶክተር» አትፈልጉ

መላ ሰውነቱን የሚያመው ሰው እኛ አገር የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ ያለው ክሊኒክ ይገባል። «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል፤ መድኃኒት ይወስዳል፤ አይሻለውም። ቀጥሎ «ነርቭ ነው» ይባልና የቫይታሚን መርፌ ይጀምራል። ከዚያ አጥንት ሐኪም፣ ከዚያ ነርቭ ሐኪም፣ ከዚያ ኤምአርአይ። መሀል ላይ ወጌሻም ጸበልም አለ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ «እገሌ የሚባል ትልቅ ዶክተር አለ፤ ውጭ ተምሮ የመጣ ነው» ይላል። ቤተሰብ ገንዘብ ያዋጣል፣ ወረፋ ይያዛል፣ ይጠበቃል።

እኔ የምለው ይሄ የመጨረሻው ወረፋ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም ነው። ፋይብሮማያልጂያን፣ ማለትም መላ ሰውነትን ለወራት የሚያመውን በሽታ፣ የሚያውቅ ሐኪም የግድ ማዕረጉ የረዘመ ሐኪም አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚሰማ፣ በእጁ የሚመረምር፣ «ሕመምሽ ይሄ ነው» ብሎ የሚነግር፣ ከዚያም በየቀጠሮው አብሮ የሚዘልቅ ሐኪም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጤና ጣቢያ ወይም ተራ የውስጥ ደዌ ክሊኒክ ውስጥ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ስፔሻሊስት ጠልቼ አይደለም። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል በሽታዎች) ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱ በር ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ኩላሊቱን ያጠቃው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ጣቶቹን ያጣመመው ሰው ነው። አሜሪካም ቢሆን ብዙ የሩማቶሎጂ ክሊኒኮች የፋይብሮማያልጂያ ሪፈር አይቀበሉም፣ ወይም አንዴ አይተው ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ይመልሳሉ። ካናዳ በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው መመሪያም ይሄንኑ ነው ያለው። ምርመራውም ክትትሉም ሰዉ መጀመሪያ በሚሄድበት የጤና ጣቢያ ወይም የቤተሰብ ሐኪም እጅ ይሁን፤ ለማረጋገጥ ብሎ ስፔሻሊስት ጋ መላክ አያስፈልግም።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ሕመም ነው። አብሮት የማያጠግብ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የማስታወስና የማሰብ መደንዘዝ ይመጣል። በብዙ አገሮች ከ100 ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነውን ያገኛል፤ በምርመራ ከሚለዩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጡንቻው አልተቀደደም፣ መገጣጠሚያው አልተበላም። የተዛባው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ሕመምን የሚያስተናግዱበት መንገድ ነው። በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሕመምተኞችንና የጤነኞችን አውራ ጣት ጥፍር እየተጫነ አንጎላቸውን በምስል አይቷል። ጤነኛው «አመመኝ» እስኪል ድረስ በጣም የጠነከረ ግፊት ፈልጓል። ሕመምተኛው ግን በጣም ባነሰ ግፊት አንጎሉ ያንኑ ምላሽ ሰጥቷል። ስለዚህ «ውሸትሽን ነው» የሚባለው ነገር አብቅቶለታል። አብቅቶለታል ስል በጥናት ላይ ነው እንጂ በየክሊኒኩ ገና ነው።

ምርመራውም ቢሆን የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ያወጣው መስፈርት ሐኪሙ 18 ነጥቦችን በጣቱ እንዲጫንና ቢያንስ 11ዱ እንዲያሙ ይፈልግ ነበር። በ2010 ያ ቀረ። አሁን 19 የሰውነት ቦታዎች ይቆጠራሉ፤ ድካሙ፣ ጠዋት ሳይታደሱ መነሳቱና የሐሳብ መደንዘዙ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። በ2016 የተሻሻለው መስፈርት ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፦ ሌላ በሽታ መኖሩ ፋይብሮማያልጂያን አያስቀረውም። ሪህ ያለበት ሰው ይሄም ሊደረብበት ይችላል።

የአክስቴን ልጅ ላንሳ። አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። በአንድ ትልቅ ፌስታል የኤምአርአይ ፊልም፣ ራጅና የላብራቶሪ ወረቀት ተሸክማ ስትዞር ከርማለች። አንዱ ቦታ «የወገብ ዲስክ ተንሸራቷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል» ተብላለች። ሌላው ቦታ ደግሞ «ምንም የለብሽም» ብለው ሸኝተዋታል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እሷም አታውቅም።

በመጨረሻ ያገኘችው ሐኪም የውስጥ ደዌ ነው። ስሙ አይወራለትም። አብሬያት ገብቼ ነበር። ፌስታሉን ስትዘረጋለት «ቆይ፣ እሱን እናየዋለን» አላት። ከዚያ «ጠዋት ስትነሺ እንዴት ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድቡኝ ያደሩ ነው የሚመስለኝ ዶክተር» አለችው። «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ምንድን ነው የሚቀሰቅስሽ? ባለቤትሽ ታንኮራፋለች ይላል?» አንድ በአንድ ጠየቃት። በስንት ዓመቷ ስለ እንቅልፏ የጠየቃት የመጀመሪያው ሐኪም ነበር። ቀጥሎ የጣቶቿን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ጨበጠ፣ እብጠት ፈለገ። አንገቷን ዳሰሰ። ክንዷን ገፋ አድርጎ ጉልበቷን ለካ።

ኤምአርአዩን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። «ይሄ የወገብ ዲስክ በአንቺ ዕድሜ ካሉ ጤነኛ ሰዎች ብዙዎቹ ላይም ይታያል። ትከሻሽንና ክንድሽን የሚያምሽ በእሱ ሊሆን አይችልም» አላት። የደም ቆጠራ፣ ኢኤስአር (ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) እና ታይሮይድ ብቻ አዘዘ። ሰዉ ብዙ ምርመራ ያዘዘለትን ሐኪም ነው ጎበዝ የሚለው። እዚህ ላይ ግን ጉብዝናው የት ጋ እንደሚቆም ማወቁ ነው።

ይሄ ማለት ሁሉንም ነገር ፋይብሮማያልጂያ ይበሉት ማለት አይደለም። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ የእግር መዛልና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሌላ ነገር ናቸው። እነዚህን ሳይጠይቅ «ፋይብሮማያልጂያ ነው» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እሱም አላዋቂ ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ሐኪም ከሐኪም በደንብ የሚለየው። የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ በፋይብሮማያልጂያ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ጨጓራና ኩላሊት ግን ይጎዳል። ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎንም አይሠራም፤ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል። ሞርፊንና ዘመዶቹ አይመከሩም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ኢዩላር በ2016 ማስረጃዎቹን ሁሉ ገምግሞ «ጠንካራ ድጋፍ» የሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእንቅስቃሴ። እሱም ቀስ ተብሎ የሚጀመር። መድኃኒቶቹ ሁሉ ከዚያ በታች ናቸው።

በአሜሪካ ፕሪጋባሊን በ2007፣ ዱሎክሰቲን በ2008፣ ሚልናሲፕራን በ2009 ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ግን ጥቅማቸው አላሳመነኝም ብሎ ለዚህ በሽታ አልፈቀደም። ሁለቱም ያዩት በአብዛኛው ያንኑ ጥናት መሆኑ ይገርማል። ለአንዳንዱ ሰው በደንብ ይሠራሉ፣ ለብዙው በመጠኑ፣ ለሌላው ጭራሽ። «ይሄን ከዋጥሽ ትድኛለሽ» የሚል ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶም ይሁን ቴሌግራም ላይ ቅመም እየሸጠ ያው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የሻንጣ መድኃኒት የሚባል ነገር አለ። ከአሜሪካ እህት ሊሪካ ትልካለች፤ ሊሪካ ያው ፕሪጋባሊን ነው። ሁለት ወር ይዋጣል፣ ያልቃል፣ በአንዴ ይቆማል። በአንዴ ሲቆም እንቅልፍ ማጣት፣ ማላብ፣ ጭንቀት ያመጣል። በሳውዲና በኤሚሬትስ ደግሞ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ በሻንጣ ይዞ መግባት ጣጣ አለው። የአክስቴ ልጅ ሐኪም ያዘዘላት አሚትሪፕቲሊን ነው። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይገኛል፤ በትንሽ መጠን ማታ ይዋጣል። ለልብ ሕመምተኛና ለአረጋዊ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። ማታ የሚዋጥ መሆኑ ግን ጾም አያስፈታትም። ይሄ ለሷ ትልቅ ነገር ነበር።

ሌላም ነገር አደረገ። «ወረቀቱ ላይ ለድብርት የሚል ታገኛለሽ። ድብርት አለብሽ ብዬ አይደለም። በዚህ ትንሽ መጠን የምንሰጠው ለሕመምና ለእንቅልፍ ነው» አላት። ይሄን ባይነግራት ኖሮ ፋርማሲ በር ላይ ወረቀቱን አንብባ «አብደሻል ሊለኝ ነው» ብላ ትጥለው ነበር። አውቃታለሁ። ብዙ ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ «አልሠራላትም» ብሎ ይጽፋል።

ከዚያ «ምን ማድረግ ነው የናፈቀሽ?» አላት። ቆማ ማስቀደስ። ሁዳዴ ላይ መስገድ። ሳቀባት? አልሳቀባትም። በቀን አሥር ደቂቃ በእግሯ እንድትሄድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ እንድትጨምር አዘዛት። «የተሻለሽ ቀን ላይ ቤቱን ሁሉ አትጠቢ፣ በማግስቱ ትወድቂያለሽ» አላት። እውነትም ሲሻላት እንደዚያ ታደርግ ነበር። ጸበሉንም አልከለከላትም፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ ለመናት። ጸበልን የሚያንቋሽሽ ሐኪም ሕመምተኛው የሚደብቀውን ነገር ያበዛል እንጂ አያስተወውም።

አሁን ድናለች? አልዳነችም። እንቅልፏ ተስተካክሏል፣ ክፍሏ ገብታ ታስተምራለች፣ ብርድ ሲሆን ይብስባታል። ቅዳሴውን ግማሹን ትቆማለች። እኔ ይሄን ውጤት እለዋለሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ለከተማዋ መሥሪያ ቤቶች የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ። ስለ ወር አበባ፣ ስለ መኝታ፣ ሌሊት ስለ ማልቀስ ልጅ ፊት አይወራም። ሳይወራ ደግሞ ምርመራው ጎደሎ ነው። ሥራ መሥራት አቅቷችሁ ለዲሴብሊቲ (መሥራት ላልቻለ ሰው ለሚከፈለው ገንዘብ) የምታመለክቱ ከሆነ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በ2012 ለፋይብሮማያልጂያ ያወጣው ደንብ ሐኪም የጻፈው ማስረጃ ይፈልጋል። ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ለረጅም ጊዜ ክትትል መዝገብ ነው። ስድስት ትልልቅ ዶክተሮች አንዴ አንዴ ብቻ ካዩት ሰው ይልቅ አንድ ተራ ሐኪም ሁለት ዓመት የተከታተለው ሰው እዚያ የተሻለ ወረቀት ይኖረዋል።

የጤና ሚኒስቴር ሰዎችም ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ሐኪሞች ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ ሥልጠና ይወስዳሉ። የግማሽ ቀን ትምህርት ስለዚህ በሽታ ቢጨመርበት ብዙ ኤምአርአይና ብዙ መርፌ ይቀራል። አዲስ ሕንፃም አዲስ ማሽንም የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እስከዚያ ድረስ ሐኪም ስትፈልጉ ፌስታሉን ቤት አታስቀሩት፣ ግን መጀመሪያ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡ። መቼ ጀመረ፣ የት የት ያማል፣ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ እስካሁን የተወሰደው መድኃኒት ምንድን ነው፣ ማድረግ ያቃታችሁ ነገር ምንድን ነው። ሐኪሙ ያንን ገጽ እስከ መጨረሻው ካነበበ ጥሩ ነው። ጥያቄ ከጠየቀበት ደግሞ የበለጠ። ሲጨርስ «መቼ ልመለስ?» በሉት። «ካመመሽ ትመጫለሽ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ቀን ቆርጦ ከሰጣችሁ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት፤ መድኃኒቱ መጠኑ እስኪስተካከል፣ የእግር ጉዞውም ውጤቱ እስኪታይ ያን ያህል ይፈጃል።